ላም እሳት ወለደች፦ የአያቴ ጠመንጃ ከአልጋ ሥር ነው፣ ምን ላድርገው?

"ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት" የሚለውን ተረት መጀመሪያ የተረተው ሰው ጠመንጃ ወርሶ መሆን አለበት!

እንዲህ ያለኝ ሰሞኑን ያጫወተኝ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ነው። ስሙንም ሰፈሩንም እንዳልጽፍ አስምሎኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ሥራው ሞባይል ጥገና ነው። እጁ ሥራ አይፈታም። የቆመ ሰዓት፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ አልከፈት ያለ ቁልፍ ካየ "ካልፈታሁት" ይላል። አባቱ ካረፉ በኋላ ከአልጋቸው ሥር በጆንያና በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሲፈቱት የአያቱ በልጅግ ጠመንጃ ሆኖ ተገኘ፤ ከነዝናሩ!

"እማዬ አለቀሰች። 'የአያትህ ክብር ነው፤ ከዚህ ቤት አይወጣም' አለችኝ። አጎቴ ደግሞ 'ጠመንጃ የሚያስረክብ ወንድ ከእኛ ዘር አልወጣም' ብሎ ደነፋ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ብረቱን ወደድኩት። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲፈታና ሲገጥም ቪዲዮ ይልክልኛል። እኔስ ለምን አላድሰውም? አልኩ። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ብረቱን በኑግ ዘይት አሸሁት። መዝጊያው ግን ዝጎ አልከፈት ስላለኝ ለሌላ ቀን ተውኩት።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ አንድ ማታ የታናሽ ወንድሜን ስልክ ስጠግን ፎቶ አየሁ። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው። ጠመንጃውን ይዞ አፈሙዙን ጓደኛው ግንባር ላይ ደቅኗል። ጓደኛው እጁን ሰቅሎ ይስቃል። መጀመሪያ እኔም ሳቅኩ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ መዝጊያው ላይ ናፍጣ አፍስሼ፣ ስታገል ቆይቼ ከፈትኩት። ከውስጡ አንዲት ጥይት ዱብ አለች።"

ጠመንጃው ይህን ሁሉ ዘመን ጥይት ጎርሶ ነበር የተኛው። "ልጁ ምላጩን ስቦትስ ቢሆን?" አለኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

እንግዲህ ጥያቄው "ምን ላድርገው?" ነው። ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይመስለኝም። ከቁም ሳጥን በላይ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከበርበሬ ማዳበሪያ ኋላ ስንት "የአባቴ ነው" የሚባል ብረት ተኝቷል! ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከሥሩ እንየው።

"ባዶ ነው" እያሉ

በቤት ውስጥ ሰው ከተጎዳ በኋላ ከሁሉ በፊት የምትሰማው ቃል "ባዶ መስሎኝ ነው" የሚል ነው። ጠመንጃ ባረቀበት የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እርግጠኛ የነበረ ሰው ነው።

በተለይ ሽጉጥና ክላሽ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሰውየው ካዝናውን ይነቅላል። "ይኸው፣ ጥይቱ እጄ ላይ ነው" ይላል። ግን አስቀድሞ ተቀባብሎ ከነበረ አንዲት ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታለች። ካዝና መንቀል እሷን አያወጣትም። ለማሳየት ምላጩን ሲስብ… የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

ጄፍ ኩፐር የሚባል የቀድሞ የአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር መኮንን ያስፋፋቸው አራት ደንቦች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳሉ። ጠመንጃ ባይኖራችሁም ያዟቸው፤ ያለው ዘመድ አይጠፋም።

1ኛ፦ ማንኛውም መሣሪያ ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው።
2ኛ፦ አፈሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። (የጓደኛ ግንባር ለፎቶም ቢሆን አይፈቀድም!)
3ኛ፦ ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ጣትህ ምላጩ ላይ አይረፍ።
4ኛ፦ ዒላማህን እወቅ፤ ከዒላማው በስተኋላ ያለውንም ጭምር።

አንዱን ብትረሳ ሌላው ያተርፍሃል። ሁሉንም የረሳህ ቀን ግን የሚያተርፍህ ዕድል ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ ሌላ፣ የእኛ ሰፈር ሌላ

የአክስት ልጅን ቪዲዮ አይቶ እጁ ያልበላው ማን አለ? ነገር ግን አሜሪካ ሌላ አገር ነው። እዚያ በፌዴራል ሕግ መሠረት መሣሪያ መያዝ የሚፈቀድለት ሰው ለራሱ መገልገያ ብሎ ቤቱ ውስጥ ቢገጣጥም በደፈናው ወንጀል አይደለም። ለንግድ ከሠራ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የየግዛቱ ሕግ ደግሞ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከብዙዎቹ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የአንዱን ግዛት ልማድ ይዞ ሌላው ውስጥ መግባትም ራሱ መዘዝ ነው።

እግረ መንገዴን አሜሪካ ላላችሁ ዘመዶቻችን አንድ ሁለት ነገር ልበል። በጎብኚነት ወይም በተማሪነት ቪዛ ያለ ሰው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይችልም። "ለጓደኛዬ በስሜ ልግዛለት" ማለት ውለታ ሳይሆን ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ከ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ቀላል በሚባለው ጥፋት እንኳ መብቱን ያጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በመሣሪያ ጉዳይ መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ጭምር ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። የሃያ ዓመት ልፋት በአንድ ሽጉጥ!

ወደ አገራችን ስንመጣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የአዋጁ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። "ወረስኩት" ማለት ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት አይደለም፤ የአባት ወረቀት ለልጅ አይሆንም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መቀጥቀጥና መሞረድማ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እዚያ የቅዳሜ ጊዜ ማሳለፊያ የሆነው ነገር እዚህ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው።

ከቤት ጠጋኝ ይሰውራችሁ

"እኔ ስንት ስልክ የጠገንኩ ሰው ይህ ያቅተኛል?" ብሎኛል ወጣቱ። ልክ ነው፤ ስልክ ግን ቢበላሽ አይገድልም። ጠመንጃ ፊትህ አጠገብ ፍንዳታ የሚታፈንበት ብረት ነው። ፈቃድ ያላቸው የመሣሪያ ጠጋኞች የሚሸሹአቸውን ስሕተቶች ልዘርዝር።

ምላጭ ማላላት፦ "ይከብዳል" ብለው ውስጡን የሚሞርዱ አሉ። መርፌውን ይዞ የሚያቆየው ጥርስ በፀጉር ታህል ሲያልቅ ጠመንጃው መሬት ላይ ሲወድቅ ወይም ግድግዳ ሲነካ በራሱ ይባርቃል።

መዝጊያ ማቀያየር፦ የአንዱን በልጅግ መዝጊያ ከሌላው ጋር መግጠም ይቻላል፤ ይገባልም። ግን መዝጊያና በርሜል በፋብሪካ የሚለካኩት በጣም በጠበበ ልክ ነው። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ተሰንጥቆ የጋለው ጭስ ወደ ዓይን ይመለሳል። ቁጥራቸው የማይመሳሰል ከሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

መፋቅና መቀባት፦ ዝገት ላጥፋ ብሎ ብረት መፋቅ ቁጥሩን ያጠፋል። ቁጥር የጠፋበት መሣሪያ በፖሊስ ዓይን ደግሞ የተሰረቀ መሣሪያ ይመስላል።

የምግብ ዘይት፦ የኑግ ዘይት ቀለም ውስጥ የሚገባው አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ ነው። ጠመንጃ ውስጥም እንዲሁ ደርቆ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። የወጣቱ መዝጊያ ላይ ከዝገቱ በላይ ኑግ ቢጨመርበት ኖሮ ለዘላለም ባልተከፈተ! የተልባ ዘይት ለሰደፉ እንጨት ከጥንት ጀምሮ የሚያገለግል ነው፤ ብረቱ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ጥይትም ያረጃል፣ ስሙም ያታልላል

አያቶቻችን ለመሣሪያው ያወጡት ስም ራሱ ታሪክ ነው። ውጅግራ የሚባለው "ፉዚል ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የታጠቀችው ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ሰናድር ከእንግሊዙ "ስናይደር"፣ ምንሽር ከኦስትሪያው "ማንሊኸር" የተወረሱ ስሞች ናቸው። በልጅግ ደግሞ በስሙ እንደሚናገረው የቤልጅግ ሥራ ነው። የዓድዋ ዘመን ጠመንጃ ንግድ እስከ ባለቅኔ ድረስ የደረሰ ነበር፤ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ጠመንጃ ጭኖ በ1887 እ.ኤ.አ. ሸዋ ገብቶ ለምኒልክ ሸጧል።

የስሙ ብዛት ግን ጣጣም አለው። "ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው" ብሎ ጥይት መግጠም ሞኝነት ነው። 7.62 የሚባለው የክላሹም፣ የመትረየሱም፣ የኔቶ አገሮች ጠመንጃም ነው፤ ውፍረታቸው ቢቀራረብም የቀለሁ ርዝመት ግን 39፣ 54 እና 51 ሚሊ ሜትር ነው። ሽጉጥም እንዲሁ። የማካሮቭ 9 ሚሊ ሜትርና የሌሎቹ 9 ሚሊ ሜትር አንድ አይደሉም። "በግድ ገባ" የተባለ ጥይት በግድ የሚወጣበትን አቅጣጫ አትመርጥም።

የድሮ የጦር ሠራዊት ጥይት መቀጣጠያው ውስጥ ጨው የሚተው ኬሚካል ነበረበት። ከተተኮሰ በኋላ ጨው እርጥበት ስቦ በርሜሉን ከውስጥ ይበላዋል። ላዩ የሚያበራ የአያት ጠመንጃ ውስጡ እንደ በሰበሰ ጥርስ ሆኖ የሚገኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፈቃድ ኖሯችሁ የምትይዙ (የጥበቃ ሠራተኞች ብትሆኑ ለምሳሌ) ሁለት ነገር እወቁ። ምላጭ ስባችሁ ጥይቱ ከከሸፈ ወዲያው አትክፈቱት፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ቆዩ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለባችሁ ደግሞ ሁለተኛ አትተኩሱ። እርሳሱ በርሜሉ መካከል ቀርቶ ይሆናል፤ ተከታዩ ጥይት በርሜሉን ይፈነዳዋል።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ የት ይደርሳል?

ሰርግ ላይ አንድ ሞቅ ያለው አጎት አይጠፋም። "ወደ ላይ ነው እኮ!" ይላል። ወደ ላይ የወጣ ይወርዳል፤ ጥይትም እንዲሁ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚለው የሚወርድ ጥይት በሴኮንድ ከ60 ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ይህም የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ ዓመት ሲገባ በደስታ ተኩስ 19 ሰው ተጎድቶ አንዱ ሞቷል። ከተማ ውስጥ ባዶ ሜዳ የለም፤ ሁሉም ቆርቆሮ ሥር ሰው አለ።

ሕጉም "አውቄ አይደለም" ብሎ አያልፍም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። እስራቱስ ያልቃል፤ የሟች እናት ፊት ግን አያልቅም።

ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ

ይህን ክፍል ዝለሉት የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አልዘለውም። ጠመንጃ ለሌባ ብለን እናስቀምጣለን። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴነሲና ዋሽንግተን ግዛቶች የተደረገ ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው፦ መሣሪያ ባለበት ቤት ሰው ራሱን የማጥፋቱ ነገር ከሌለበት ቤት አምስት እጥፍ ገደማ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከፋ ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል። ብዙ ሰው ያን ሌሊት ካለፈ በሕይወት ይኖራል። ጠመንጃ ግን ለመጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከቤታችሁ ሥራ ያጣ፣ ፍቅሩ የፈረሰበት፣ ዝም ዝም ያለ፣ "እኔ ምን አደርጋለሁ" የሚል ሰው ካለ ዛሬውኑ መሣሪያው ከዚያ ቤት ይውጣ። ሰውየውንም በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ሐኪም ዘንድ መውሰድም አያሳፍርም። ለዚያ ነው እነአማኑኤል ሆስፒታል ያሉት።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?

ለወጣቱ የነገርኩት ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ልጆች ከማይደርሱበት አስገባውና ቆልፍበት። መዝጊያውን እንደከፈትክ፣ ጥይቱን ለብቻው በሌላ ቁልፍ። ቁልፉ ከአንተ ኪስ አይውጣ። "ልጆቹ መኖሩን አያውቁም" አትበል፤ ስኳሩን ያገኘ ልጅ ጠመንጃውንም ያገኛል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያውን ተሸክመህ መንገድ እንዳትወጣ! ባዶ እጅህን ፖሊስ ጣቢያ ሂድና "እንዲህ ያለ ውርስ አግኝተናል፤ እንዴት እናስረክብ ወይም እንዴት ፈቃድ እንጠይቅ?" ብለህ አመልክት። ብቻህን አትሂድ፤ አጎትህን ይዘህ ሂድ። አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ አይሆንም። የምትሰጠው ነገር ካለ በቁጥሩ የተጻፈ ደረሰኝ ተቀበል።

ሦስተኛ፣ እንዳትሸጠው። ደላላ በማግስቱ ይመጣል፤ ዋጋውም ያስጎመጃል። ግን ያ ጠመንጃ ነገ የት እንደሚተኮስ አታውቅም። የተገኘበት ቀን ደግሞ ወሬው ወደ አንተ ይመለሳል።

አራተኛ፣ የእጅህን ፍቅር አትግደለው። የድሮ ብረት ሥራ መውደድ ነውር አይደለም። ከመስጠትህ በፊት ምልክቱንና ቁጥሩን ፎቶ አንሣ። የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራው አጥና። አያትህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቅና ጻፍ። ለእጅህ ደግሞ የግድግዳ ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የድሮ ካሜራ ሞልቷል። እነሱም ጥርስና ምላጭ አላቸው፤ ሰው ግን አይገድሉም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣቱ ተመልሶ መጣ። አጎትየው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር አሉ። ፎቶውን ሲያሳያቸው፣ ያቺን ጥይት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ደርበው "ተነሥ፣ እንሂድ" አሉት።

ጠመንጃው ወጣ። የአያትየው ፎቶግራፍ፣ ያንኑ በልጅግ አንግበው የተነሡት፣ ፍሬም ገብቶለት ሳሎን ተሰቀለ። ታናሽ ወንድሙ ያን የስልክ ፎቶ አጥፍቶታል። ጓደኛው ዛሬም እየመጣ ከእነሱ ጋር ኳስ ያያል፤ ስለ ጥይቷ የነገረው ሰው ግን የለም።

"እማዬስ?" አልኩት።

"እማዬማ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን መጥረጊያ ይዛ ስታጎነብስ አገኘኋት። 'አባትህ ካረፈ ዛሬ ገና ከአልጋው ሥር ጠረግኩ' አለችኝ።"